አንድ ዲስክ ሲሞት የማይለቀስበት ቤት

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ኮምፒውተር ነው፤ እኔ ግን ከሰፈራችን እድር ልጀምር።

ባለፈው ክረምት የእድራችን ጸሐፊ ቤት ጣሪያው አፈሰሰ። መዝገቡን ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀምጠውት ኖሮ፣ ጠዋት ሲያወርዱት ቀለሙ ከገጽ ገጽ ተሻግሮ የማን መዋጮ፣ የማን ውዝፍ እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። በቀጣዩ እሁድ ስብሰባ ላይ የሆነውን ትገምቱታላችሁ። ሁሉም ከፍሏል። ውዝፍ ያለበት አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም።

ጸሐፊያችን ግዴለሽ ሰው አይደሉም፤ መዝገቡን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት። ጣጣው የመጣው መዝገቡ አንድ፣ ጣሪያውም አንድ በመሆኑ ነው። ይህ ዓይነት ጣጣ በሺህ በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ሲመጣ መሐንዲሶች ምን እንደሚያደርጉ ነው ዛሬ የማጫውታችሁ። ስሙ በአማርኛ ረዘም ይላል፤ የተሰራጨ የፋይል ሥርዓት እንበለው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

የፋይል ሥርዓት የሚለውን ስም ባትሰሙም በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። ስልካችሁ ላይ የልጃችሁን የልደት ፎቶ ስትከፍቱ፣ ፎቶው በማስቀመጫው ውስጥ ስንተኛው ቦታ ላይ እንዳለ የሚጠይቃችሁ የለም። ትነኩታላችሁ፣ ይከፈታል። በስሙና በቦታው መካከል ቆሞ የሚያገናኘው ፕሮግራም የፋይል ሥርዓት ይባላል። ፋይሉ ከአንድ ማሽን አቅም በላይ ሲሆን፣ ወይም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲፈልገው፣ ሥራው በብዙ ማሽኖች ላይ ይሰራጫል። ተጠቃሚው ግን እንደ ቀድሞው ነክቶ መክፈት ነው የሚፈልገው። ከጀርባ አንድ ማሽን ይኑር አንድ ሺህ፣ ለእሱ ምኑም አይደል።

የድሮውን የቤት ስልክና የዛሬውን ሞባይል እስቲ አስቡ። የቤት ስልክ ቁጥር የቤቱ ነበር። ሰውየው ቤት ሲቀይር ቁጥሩ እዚያው ይቀራል፤ የደወለ ሁሉ አዲሱን ተከራይ ያገኛል። የሞባይል ቁጥር ግን የሰውየው ነው። ጎንደርም ይሂድ ሐዋሳ ይከተለዋል፤ ደዋዩ የት እንዳለ ማወቅ አይጠበቅበትም። የፋይል ሥርዓትም እንደ ልብ የሚታዘዝ የሚሆነው የፋይሉ ስም ከፋይሉ ቦታ ሲፈታ ነው። ያን ጊዜ አሮጌ ማሽን ማውጣት፣ አዲስ ማስገባት፣ ፋይሉን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፣ የሚጠቀምበት ሰው ምንም ሳይሰማ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው አንድሩ የሚባለው የፋይል ሥርዓት ይህን አድርጎ አሳይቷል። ሰዎች እየሠሩበት ያለ የፋይል ስብስብ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ይዛወር ነበር፤ ስሙ ግን አይቀየርም።

መለዋወጥ መቻሉ እንዲህ ነው። አስተማማኝነቱ ላይ ግን ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና።

አስተማማኝ ሲባል የማይበላሽ ይመስለናል። ስለዚህ ውድ ዕቃ፣ ጠንካራ ዕቃ እንፈልጋለን። ለአንድ ቤት ይሠራ ይሆናል። ቁጥሩ ሲበዛ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የጉግል ባለሙያዎች ከ100 ሺህ በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትለው በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑት በዓመት 1.7 ከመቶ ያህል እንደሚበላሹ፣ ሦስት ዓመት የሞላቸው ደግሞ ከ8.6 ከመቶ በላይ እንደሚደርሱ አሳይተዋል። ቤታችሁ አንድ ዲስክ ካለ ይህ ዕድል ነው፤ ሊደርስባችሁ ይችላል፣ ላይደርስም ይችላል። 10 ሺህ ያረጁ ዲስኮች ላሉት ድርጅት ግን ዕድል መሆኑ ቀርቶ የቀን ሥራ ይሆናል። 8.6 ከመቶ ማለት በዓመት 860 ዲስክ ነው፣ በቀን ከሁለት በላይ። የጠዋቱ ቡና ሳይፈላ አንዱ ሞቷል፤ እራት ሳይቀርብ ሌላው ይከተላል። ለእያንዳንዱ ድንኳን ከተጣለ ሥራ የሚባል ነገር አይኖርም።

ስለዚህ ንድፍ አውጪው የሚነሣበት ጥያቄ ሌላ ነው። ዲስኩ እንዳይሞት ምን ላድርግ ብሎ አይጠይቅም። እንደሚሞት ያውቃል። ሲሞት ማንም እንዳያለቅስ ምን ላድርግ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ይህን ጥያቄ በግልጽ ይዘው ከተነሡት መካከል ሦስት የጉግል መሐንዲሶች ይገኙበታል፤ ሳንጄይ ገማዋት፣ ሃዋርድ ጎቢኦፍ እና ሹን-ታክ ሌውንግ። በ2003 ስለ ጉግል ፋይል ሲስተም አንድ ጽሑፍ አወጡ። እኔ በበኩሌ ከዚህ ጽሑፍ የተሻለ ለጀማሪ የሚመከር አላውቅም፤ የቸገራቸውን ሳይደብቁ ነው የጻፉት። መነሻቸውም ርካሽ ዕቃ ነው። ማንም ከገበያ የሚገዛውን ተራ ኮምፒውተር በብዛት ገዙ። እያንዳንዱ ሊበላሽ የሚችል፣ የሚበላሽም ነው። አስተማማኝነቱን ከዕቃው አልጠበቁም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡት።

እንዴት? ፋይሉ 64 ሜጋባይት እየሆነ ይቆረጣል። አንድ ጊጋባይት የሚሆን ፊልም ብታስቀምጡ 16 ቁራጭ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ በሦስት የተለያዩ ማሽኖች ላይ ይቀመጣል። እነዚህን ማሽኖች፣ ከእድር ገንዘብ ያዥ ቃሉን ተውሼ፣ ቁራጭ ያዦች እላቸዋለሁ። ከእነሱ በላይ ማስተር የሚባል አንድ ማሽን አለ፤ በእኛ ቤት ጸሐፊው ማለት ነው። ማስተሩ ፋይሉን ራሱን አይዝም። የሚይዘው ማውጫውን ብቻ ነው፤ የትኛው ፋይል ስንት ቁራጭ እንዳለው፣ የትኛው ቁራጭ እነማን ዘንድ እንዳለ።

አንድ ፕሮግራም ፋይል ማንበብ ሲፈልግ ማስተሩን «የዚህ ፋይል ሦስተኛው ቁራጭ ማን ጋ ነው?» ይለዋል። ማስተሩ ሦስት አድራሻ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ጠያቂው በቀጥታ ወደ ያዡ ሄዶ ከእሱ ያነባል። ትልቁ ጭነት በማስተሩ ደጅ አያልፍም። ለቅሶ ቤት ድንኳኑን የሚሸከመው ጸሐፊው እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው፤ እሱ የት እንዳለ ይናገራል፣ የሚሸከሙት ጎረምሶቹ ናቸው። ማውጫው ደግሞ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማሳየት ጸሐፊዎቹ አንድ ምሳሌ ሰጥተዋል፤ 227 ቁራጭ ያዦችና 180 ቴራባይት የዲስክ ቦታ ላለው ስብስብ ማስተሩ የያዘው ማውጫ 60 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ከአንድ ቁራጭ ያነሰ ነው። ይህን ማውጫ ሙሉ በሙሉ በሚሞሪ ውስጥ ይዞት ስለሚውል መልሱ ፈጣን ነው።

ማስተሩ በየጊዜው ቁራጭ ያዦቹን ይጠይቃል፤ አላችሁ ወይ? እነሱም አለን ይላሉ። የልብ ትርታ ይሉታል። ትርታው የቀረ እንደሆነ ማስተሩ ሰበብ አይመረምርም። ዲስኩ ይቃጠል፣ መብራት ይጥፋ፣ ሰው ገመዱን ይርገጠው፣ ለጊዜው እንደሞተ ይቆጥረዋል። ከዚያም በሟቹ ላይ የነበሩት ቁራጮች ሦስት መሆናቸው ቀርቶ ሁለት ሆነዋልና፣ የቀሩት ያዦች ለሌሎች ማሽኖች እንዲገለብጡ ያዛል።

እነዚህ ሰዎች ታዲያ ይሠራል ብለው ዝም አላሉም፤ ሆን ብለው ገድለው አዩት። ካልኳችሁ 227 ማሽኖች አንዱን አጠፉ። ላዩ ላይ 15 ሺህ ያህል ቁራጭ፣ 600 ጊጋባይት የሚሆን ነገር ነበረው። ሁሉም በ23.2 ደቂቃ ውስጥ ወደ ሦስት ቅጂው ተመለሰ። ያውም ሥርዓቱ ራሱን እየገታ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ91 በላይ ግልበጣ እንዳይካሄድ ወሰን ተደርጎበታል፣ የሰው ሥራ እንዳይጓተት። ቀጥለው ሁለት ማሽን በአንድ ጊዜ ገደሉ። አሁን ነገሩ ከበድ ይላል፤ ሁለቱም ሟቾች ላይ የነበሩ 266 ቁራጮች አንድ ቅጂ ብቻ ቀራቸው። አሁን አንድ ዲስክ ቢሞት ከእነዚያ እሱ ላይ ያሉት ለዘላለም ሄዱ። ሥርዓቱ እነሱን አስቀደመ፤ በ2 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ቢያንስ ሁለት ቅጂ አገኙ። ሆስፒታል የገባ ሰው ሁሉ ታሟል፤ ሐኪም ግን ማንን መጀመሪያ ማየት እንዳለበት ያውቃል። የዚህ ንድፍ ብልኅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ሦስት ቅጂ ማድረግን ማንም ያስበዋል።

ሦስቱ ቅጂዎች የት ይቀመጡ የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በዳታ ሴንተር ውስጥ ኮምፒውተሮች በመደርደሪያ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ መደርደሪያ መብራቱንና የኔትወርክ መስመሩን ይጋራል። ሦስቱን ቅጂ አንድ መደርደሪያ ላይ ብትደረድሯቸው አንድ ፊውዝ ሲቃጠል ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። ሦስት መዝገብ ጽፎ ሦስቱንም እዚያው የሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንደማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ይበተናሉ። ይህን አባቶቻችን ያለ ኮምፒውተር ያውቁታል ብል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው በየገዳሙ የገለበጡ ጸሐፍት ባይኖሩ አንዱ ደብር ሲቃጠል አብሮ በሄደ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ ይዞ የተመለሰውም አንድ አልነበረም፤ ሦስት ቅጂ ነው። አጋጣሚው ያስቀኛል።

መበላሸት ግን ሁልጊዜ መሞት አይደለም። የሞተ ማሽን ቢያንስ ዝም ይላል። ከሞተው ይልቅ የሚያስፈራው እየኖረ የሚዋሸው ነው። ጉግሎች ይህን የተማሩት ተቸግረው ነው። የገዟቸው አንዳንድ ዲስኮች ለኮምፒውተሩ ይህንንም ያንንም የአሠራር ደንብ እናውቃለን ይሉ ነበር፤ በትክክል የሚያውቁት ግን አዲሶቹን ብቻ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ይግባባሉ። አልፎ አልፎ ሳይግባቡ ይቀሩና ዲስኩ የተሳሳተ ነገር ይጽፋል፣ ማንም ሳያውቅ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ በ64 ኪሎባይት እየተከፈለ ለእያንዳንዷ ክፋይ ማረጋገጫ ቁጥር ተሰላ። በእድር ሒሳብ በየገጹ ግርጌ የሚጻፈው ድምር ማለት ነው። ያዡ ለማንም ከመስጠቱ በፊት ድምሩን ዳግም ያሰላል። ካልገጠመ የያዘው ተበላሽቷልና አይሰጥም፤ ለማስተሩ ያሳውቃል፣ ከጤነኛው ቅጂ ይገለበጥለታል።

ሌላም ዓይነት ውሸት አለ፣ ያለ ክፋት የሚዋሽ። አንድ ማሽን ለሁለት ሰዓት ጠፍቶ ነበር እንበል። እሱ በሌለበት ፋይሉ ተለወጠ። ሲመለስ የያዘው አሮጌውን ነው፤ ድምሩም ይገጥማል፤ አልተበላሸም፣ አረጀ እንጂ። አሥር ዓመት ውጭ ኖሮ የተመለሰ ዘመዳችን ታክሲ ውስጥ የድሮውን ሒሳብ ቆጥሮ ሲሰጥ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ገንዘቡ እውነተኛ ነው፤ ዋጋው ነው ያለፈበት። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቁራጭ የእትም ቁጥር መስጠት ሆነ። ቁራጩ ለለውጥ በተዘጋጀ ቁጥር ማስተሩ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። የተመለሰው ማሽን ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ ከመጣ ያረጀ መሆኑ ይታወቅና የያዘው ይጣላል።

ስለ መጣል ካነሣን፣ በዚህ ሥርዓት ፋይል ሲሰረዝ ወዲያው አይጠፋም። ስሙ ይቀየርና ይደበቃል፤ የሚጠፋው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ቀኑን ማስረዘም ማሳጠር ይቻላል። ማታ ደክሞት የሰረዘ ሰው ጠዋት ነቅቶ ይጸጸታልና፣ ደግ ሐሳብ ነው።

አሁን ብልጥ አድማጭ አንድ ነገር ሳይጠይቅ አይቀርም። ቁራጮቹ ሦስት ሦስት ናቸው፤ ማስተሩ ግን አንድ። ያው የጸሐፊያችን መዝገብ አይደለም ወይ? ነው። ጉግሎችም ያውቁት ነበር። ማስተሩ የሚሠራውን እያንዳንዱን ለውጥ በሥራ መዝገብ ይጽፋል፣ መዝገቡም በሌሎች ማሽኖች ላይ ይገለበጣል፤ ማስተሩ ቢሞት ሌላው ከመዝገቡ ተነሥቶ ይተካዋል። አንድ ማስተር መኖሩን የመረጡት ነገሩን ቀላል ስላደረገላቸው ነው፤ ሁለት አለቃ ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ለጊዜው ትክክል ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ፋይሎቹ በዙ፣ አነሱም፤ ማውጫው ከአንድ ማሽን አቅም በላይ ሆነ። በኋላ የተካው ኮሎሰስ የተባለው ሥርዓት ማውጫውንም ራሱን በታተነው። ዛሬ ትክክል የሆነ ንድፍ ነገ ሊጠብ እንደሚችል አውቆ መሥራት የመሐንዲስ ድርሻ ነው፤ ለዘላለም የሚሆን ልሥራ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይሠራ ይቀራል።

ቁራጩ የት እንዳለ የሚነግር ጸሐፊ ባይኖርስ? በ2006 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ሴጅ ዌልና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሴፍ የተባለ ሥርዓት ይህን መንገድ ይዟል። እዚህ ላይ ከቤታችን ምሳሌ አለኝ። የፋሲካ ቀን መቼ እንደሚውል ለማወቅ የጎጃሙ መሪጌታ ለሐረርጌው ስልክ አይደውልም። ባሕረ ሐሳቡን ያውቃል፤ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ይገድፋል፣ ወንበሩን ያገኛል፣ ከወንበሩ አበቅቴና መጥቅዕ ያወጣል፣ በዓሉ ላይ ይደርሳል። ሐረርጌ ያለውም በዚያው ቀመር እዚያው ቀን ላይ ይደርሳል። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሴፍም እንዲሁ ነው። የቁራጩ ስምና የማሽኖቹ ካርታ ካላችሁ፣ ክረሽ በሚባል ቀመር አስልታችሁ የት እንዳለ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ቦታውን ለመጠየቅ ወረፋ የሚያዝበት ጸሐፊ የለም። አዲስ ማሽን ሲገባ ካርታው ይቀየራል፤ ቀመሩ ጥቂቱን ብቻ ወደ አዲሱ ያዛውራል፣ ሁሉንም አያተራምስም።

ግን ካርታው ራሱ አንድ መሆን አለበት። ሁለት መሪጌታ ዓመተ ዓለሙን ለየብቻ ከቆጠሩ ፋሲካው ሁለት ይሆናል። በካርታው ላይ የሚስማሙት ጥቂት ጠባቂ ማሽኖች ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አምስት። ጎዶሎ ቁጥር የሆነው እንደ ሽማግሌ ነው፤ እኩል እንዳይከፈሉ። የኔትወርክ መስመር ተቆርጦ አምስቱ ሁለትና ሦስት ሆነው ቢለያዩ፣ ሦስቱ ይወስናሉ፤ ሁለቱ ብዙኃን እንዳልሆኑ አውቀው ዝም ይላሉ። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ከአምስት ሰው ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ሁለት ቡድን ብትመርጡ፣ እንዴትም አድርጋችሁ ብትመርጡ፣ ቢያንስ አንድ ሰው በሁለቱም ውስጥ ይገኛል። ያ ሰው የቀደመውን ውሳኔ ያስታውሳል። ይህን ሐሳብ ፓክሶስ በሚል ስም ያበጀው ሌስሊ ላምፖርት ጽሑፉን በአንዲት የግሪክ ደሴት ምክር ቤት ተረት አድርጎ በ1990 ለመጽሔት አቀረበው። ገምጋሚዎቹ ተረቱን አውጣው አሉት። እሱም ቀልድ የማያውቁ ሰዎች ናቸው ብሎ ተወው፤ ጽሑፉ የታተመው በ1998 ነው። ዛሬ ብዙ ዳታ ሴንተር የሚተዳደረው በዚያ ተረት ነው።

ሁለቱ ዝም ይላሉ ማለት ግን በእነሱ በኩል ያለው ተጠቃሚ አገልግሎት አጣ ማለት ነው። ከዚህ ማምለጫ የለም። ኤሪክ ብሩወር በ2000 ያነሣው፣ ሴዝ ጊልበርትና ናንሲ ሊንች በ2002 በሒሳብ ያረጋገጡት ነገር ነው፤ መስመር በተቆረጠ ጊዜ ወይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ማየቱ ይቀራል፣ ወይ ሁሉም መልስ ማግኘቱ ይቀራል። የባንክ ሒሳብ ከሆነ ይቆይ፣ ይዘግይ ብትሉ ይሻላል። የራሳችሁ ማስታወሻ ከሆነ ግን አሁኑኑ ልሥራ ትላላችሁ። ካርኔጊ ሜለን የተሠራው ኮዳ የተባለው ሥርዓት ሁለተኛውን መረጠ። መምህሩ ሳትያናራያናንና ተማሪዎቹ ያሰቡት ላፕቶፑን ይዞ ስለሚሄድ ሰው ነው። መስመር ሳለ የሚያስፈልገውን ፋይል ቀድሞ ያከማቻል፣ መስመር ሲጠፋ በዚያው ይሠራል፣ ሲመለስ ያስታርቃል። ሁለት ሰው አንዱን ፋይል ለየብቻ ቀይረውት ከሆነ ማስታረቁ ለሰው የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ኔትወርክ እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ ጥልቅ በሚልበት አገር ለምንኖር ሰዎች የኮዳ ሐሳብ ሩቅ አይደለም፤ እኔ ለአገራችን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሥርዓት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ይህን ያንብብ እላለሁ።

ሦስት ቅጂ ውድ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። አንድ ብር የሚያወጣ ዲስክ ሦስት ብር አስወጣ ማለት ነው። የሚያቀልል ዘዴ አለ። ሁለት ቁጥር ላስቀምጥ፤ 7 እና 5። ሦስተኛ ቦታ ላይ ድምራቸውን 12 እጽፋለሁ። 7ቱ ቢጠፋ ከ12 ላይ 5 ቀንሼ አገኘዋለሁ። ሁለቱን ቁጥር ደግሜ ሳልጽፍ አንድ ጥፋት ቻልኩ። ይህ ሐሳብ ረቀቅ ብሎ በ1960 ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን ካበጁት ቀመር ላይ ይደርሳል። ፌስቡክ 10 ክፋይ ዳታ ላይ 4 ማካካሻ ጨምሮ አስቀምጧል፤ ከ14ቱ ማንኛቸውም አራት ቢጠፉ ፋይሉ ይነሣል፣ ቦታውም ከሦስት እጥፍ ወደ 1.4 እጥፍ ይወርዳል። ዋጋው ጥገናው ላይ ነው። አንድ የጠፋ ክፋይ ለመመለስ አሥር ማንበብ ይጠይቃል። ስለዚህ በየቀኑ የሚነካውን በሦስት ቅጂ፣ አልፎ አልፎ የሚፈለገውን በቀመር ማስቀመጥ የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ አጥብቄ ልናገር። እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ከዲስክ ሞት ያድናል፤ ከሰውና ከፕሮግራም ስሕተት ግን፣ ከዚያች የሦስት ቀን ዕድል በቀር፣ አያድንም። ሥርዓቱ ታዛዥ ነው። ሰርዝ ካላችሁት ሦስቱንም ቅጂ እኩል ይሰርዛል። በ2011 የካቲት ውስጥ የጂሜይል ማስቀመጫ ፕሮግራም ሲሻሻል በገባ ጉድለት ከተጠቃሚዎቹ 0.02 ከመቶ ያህሉ የፖስታ ሣጥናቸው ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ቅጂዎቹ በተለያየ ቦታ ነበሩ፤ ስሕተቱ ግን ሁሉንም ደረሰባቸው። ያዳናቸው ከመስመር ውጭ የተቀመጠ የማግኔት ቴፕ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚባለው ቴፕ! መስመር ላይ ስላልነበረ የተሳሳተው ትእዛዝ አልደረሰውም። ከቴፕ መልሶ መጫኑ ሰዓታት ወሰደ፣ ደብዳቤዎቹ ግን ተመለሱ። እኛም ይህን ዓይነት ሩቅ ቅጂ አለን። ከ1973 ጀምሮ በአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ ሲቀር አንዱ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ሄዶ ተቀመጠ። በሁለቱ ከተሞች ላይ አንድ ቀን አንድ ጣሪያ አያፈስም።

ወደ እድራችን ልመለስ፤ እንዴት ሆነ የምትሉ አትጠፉም። ሦስት መዝገብ ገዛን። አንዱ ጸሐፊው ቤት፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ቤት፣ ሦስተኛው ከወንዙ ማዶ አንዲት እናት ዘንድ ተቀመጠ። በየገጹ ራስ ቁጥር፣ በየገጹ ግርጌ ድምር ይጻፋል። ሐሳቡን እኔ አመጣሁት ብዬ ልኩራራ ነበር፤ ድምሩን የጨመሩት ግን የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ የሆኑ አንድ አባት ናቸው። በሁለተኛው ወር ሦስቱ ሲተያዩ የገንዘብ ያዡ መዝገብ 50 ብር ጎደለ፤ ሁለቱ ተስማምተው አንዱ ለብቻው ቀረ። ገጹ ተገለጠ። የአንድ ሰው መዋጮ ሳይጻፍ ታልፎ ኖሮ ተገኘ። የኔው ነበር።